ከከተማ ምክር ቤት ወደ ስቴት ሕግ አውጪነት፦ ስለ አሜሪካ ፖለቲከኞች ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በምርጫ ሰሞን ከተወዳዳሪዎች ጋር በር ለበር ስዞርና ለወገኖቻችን ሳስተረጉም ደጋግመው የገጠሙኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የስቴት ሴናተርና «ሴናተር» አንድ ናቸው ወይ?

አይደሉም። በቴሌቪዥን የምናያቸው፣ ዋሽንግተን የሚቀመጡት 100 ሴናተሮች የፌዴራሉ መንግሥት ናቸው። ከእነሱ ሌላ 50ዎቹ ስቴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አውጪ አላቸው፤ የሁሉም ወንበር ሲደመር 7,386 ይሆናል። የስቴት ሴናተር የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰው «ሴናተሩ ሰፈራችን መጣ» ሲልዎት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው?» ነው።

ከኔብራስካ በቀር ሁሉም ስቴቶች ሁለት ምክር ቤት አላቸው። የላይኛው ሴኔት ይባላል። የታችኛው ስሙ እንደየስቴቱ ነው፦ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ኔቫዳ «አሴምብሊ» ይሉታል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ «ሃውስ ኦፍ ዴሌጌትስ»፤ አብዛኞቹ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት። ኔብራስካ ከ1937 ጀምሮ በአንድ ምክር ቤት ብቻ ነው የምትተዳደረው፣ አባላቱም ዛሬ 49 ናቸው፤ በምርጫ ወረቀቱም ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍም።

ታዲያ ለቪዛ ጉዳዬ ለማን ልደውል?

ለኮንግረስ አባልዎ ቢሮ። ኢሚግሬሽን፣ ፓስፖርትና ሶሻል ሴኩሪቲ የፌዴራል ጉዳዮች ስለሆኑ የስቴቱ ሰው ቢበዛ ስልክ ቁጥር ይሰጥዎታል። የመንጃ ፈቃድ፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጥ የሕክምና መድን)፣ የነርስነት ወይም የፀጉር ሥራ ፈቃድ ከተያዘብዎት ግን ትክክለኛው ሰው የስቴት ሕግ አውጪው ነው፤ ጸሐፊዎቹ መሥሪያ ቤቶቹ ውስጥ ማንን እንደሚያነጋግሩ ያውቃሉ። ቆሻሻ ካልተነሳ፣ አስፋልት ከተቦረቦረ፣ ከጎረቤት ግንባታ ከተነሳ ወደ ከተማው ወይም ወደ ካውንቲው (ከስቴት በታች ያለው አስተዳደር) ምክር ቤት ነው።

የከተማ ምክር ቤት አባል ምን ጎደለበትና ነው ወደ ስቴት የሚሄደው?

በአብዛኛው ሥልጣን ነው የሚጎድልበት። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ከተማ አስተዳደር አንዲት ቃል አይናገርም። ከተማ የስቴት ፍጥረት ነው። ይህን በግልጽ አስፍረው የጻፉት በ1868 ጆን ዲሎን የተባሉ የአይዋ ዳኛ ናቸው፤ ከተማ ስቴቱ ከሰጠው ሥልጣን ውጭ ምንም የለውም፣ የፈጠረው አካል ሊያፈርሰውም ይችላል አሉ። እስከ ዛሬ «የዲሎን ደንብ» ይባላል፤ ቨርጂኒያ አሁንም በዚሁ ነው የምትሄደው። ሚዙሪ በ1875 ሕገ መንግሥቷ ትልልቅ ከተሞች የራሳቸውን ቻርተር ማለትም መተዳደሪያ ሕግ እንዲጽፉ ፈቀደች፤ ሌሎች ስቴቶችም ተከተሏት። እዚያም ቢሆን የመጨረሻው ቃል ብዙ ጊዜ የስቴቱ ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል በርሚንግሃም፣ አላባማ ላይ ታይቷል። የከተማው ምክር ቤት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከፌዴራሉ 7.25 ዶላር ወደ 10.10 ዶላር እንዲያድግ ወሰነ። በየካቲት 2016 የአላባማ ሕግ አውጪ ከተሞች የራሳቸውን የክፍያ ወለል እንዳያወጡ የሚከለክል ሕግ በጥድፊያ አሳለፈ፤ አገረ ገዢውም ፈረሙበት። ጭማሪው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ ያየ የምክር ቤት አባል «እዚህ ተቀምጬ ድምፅ የምሰጠው ለምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

ሌላው ምክንያት ዕድሜ ነው፤ የወንበሩ ዕድሜ ማለቴ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ መቀመጥ አይችልም። ስምንተኛው ዓመት ሲቃረብ በስቴቱ ዋና ከተማ ኦልባኒ ላይ ወንበር የሚፈልገው ሰው ሁሉ ራዕይ ይዞት አይደለም። አንዳንዱ ሥራ ፈላጊ ነው።

ለመወዳደር ምን ያስፈልጋል? ውጭ አገር የተወለደስ ይችላል?

ይችላል። በአሜሪካ ምድር ወይም በትውልድ ዜጋ መሆን የሚጠየቀው ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ነው። ለስቴት ሕግ አውጪነት ዜግነት የወሰደ ሰው ይወዳደራል። ሶማሊያ የተወለዱት ኢልሃን ኦማር ኮንግረስ ከመግባታቸው በፊት በ2016 ለሚኒሶታ ተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠው ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ለአንድ የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት አባል ረዳት ሆነው ሠርተዋል። የኢትዮጵያ ተወላጁ አሌክሳንደር አሰፋም በ2018 ለኔቫዳ አሴምብሊ ተመርጠው እስከ 2021 መጀመሪያ ነበሩ።

ዕድሜው እንደየስቴቱ ነው። ለታችኛው ምክር ቤት በብዙ ቦታ 18 ወይም 21 ይበቃል፤ ለሴኔት 30 የሚጠይቁም አሉ። ሰው የሚሰናከለው በዕድሜ ሳይሆን በመኖሪያ ነው። ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ውስጥ በእውነት መኖር አለበት፤ አፓርታማ ተከራይቶ ፖስታ ሳጥን ላይ ስም መለጠፍ አይበቃም። ተቃዋሚዎች መጀመሪያ የሚቆፍሩት እሱን ነው፤ የመብራት ቢልና የመንጃ ፈቃድ አድራሻ ሁሉ ይታያል።

የስቴቱ ምርጫ ከከተማው በምን ይከብዳል?

አብዛኞቹ ከተሞች ምርጫቸው ያለ ፓርቲ ስም ነው። ስቴት ላይ ግን ፓርቲ ሁሉ ነገር ነው። ዲስትሪክቶቹ ብዙዎቹ ወይ ለዴሞክራት ወይ ለሪፐብሊካን ያጋደሉ ስለሆኑ እውነተኛው ፍልሚያ የሚካሄደው በኅዳር ሳይሆን በፕራይመሪው ማለትም በፓርቲው ውስጥ ምርጫ ነው፤ በዚያ ደግሞ የሚመርጠው ሕዝብ ጥቂት ነው። ኢልሃን ኦማር ያሸነፉት በፕራይመሪው ነበር፤ የተሸነፉት ፊሊስ ካን 44 ዓመት በወንበሩ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። የአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ምክትል ከንቲባ የነበሩት ኤልዛቤት ቤኔት ፓርከርም በ2021 ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ የሄዱት የራሳቸውን ፓርቲ ተመራጭ በፕራይመሪ አሸንፈው ነው።

የሚወከለው ሕዝብ ብዛትም ያስደነግጣል፤ በሁለቱም አቅጣጫ። የካሊፎርኒያ ሴኔት 40 ወንበር ብቻ ስላለው አንዱ ሴናተር አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይወክላል፤ ዋሽንግተን ካለው የኮንግረስ አባል ይበልጣል ማለት ነው። ኒው ሃምፕሻየር ላይ ደግሞ የታችኛው ምክር ቤት 400 ወንበር ስላለው ለአንዱ የሚደርሰው ከ3,500 ያነሰ ሰው ነው፤ ትልቅ ከተማ ውስጥ ካሉ ሁለት ወይም ሦስት ረጃጅም ሕንፃዎች ነዋሪ ብዙም አይበልጥም።

አንድ የምክር ቤት አባል ለስቴት ሲወዳደር አብሬው ስዞር አንዲት እናት በር ከፈቱ። የዛፍ ሥር የእግረኛ መንገዱን ገልብጦት ጋሪያቸው አላልፍ ብሎ እንደነበር፣ እሱ ባለፈው ዓመት ሰው ልኮ እንዳስተካከለላቸው አልረሱም። እጁን ይዘው አመሰገኑት። ቀጥሎ ስለ ስቴቱ ሲነግራቸው ዝም ብለው ሰሙትና «ታዲያ ልጄ፣ እዚሁ ብትቀመጥልን አይሻልም?» አሉት። እስከሚቀጥለው ቤት ድረስ አልተናገረም። ከተማ ላይ ጥሩ የሠራ ሰው ከሚያጋጥሙት ተቃዋሚዎች ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ደሞዙ ስንት ነው?

ከምንም እስከ ብዙ። የኒው ሃምፕሻየር ሕግ አውጪ በዓመት 100 ዶላር ነው የሚከፈለው፤ ስሕተት አይደለም፣ መቶ። ከ1889 ወዲህ አልተነካም። ቴክሳስ በወር 600 ዶላር ትከፍላለች፤ ስብሰባ ሲኖር የቀን አበል ይጨመራል። ኒው ዮርክ ከ2023 ጀምሮ በዓመት 142,000 ዶላር ነው።

ስለዚህ ወደ ስቴት መሄድ እድገት ሆኖ ኪስ የሚያጎድልበት ጊዜ ብዙ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት አባል በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ያገኛል፤ ወንበሮቹም 15 ብቻ ናቸው። ወደ ካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ሲሄድ ደሞዙም ይቀንሳል፣ ከ15 አንዱ መሆኑም ቀርቶ በአሴምብሊው ከ80 አንዱ ይሆናል። ክፍያው ዝቅተኛ በሆነበት ስቴት የሚገባው ማነው ቢሉ ጡረተኛ፣ ጠበቃ፣ የራሱ ንግድ ያለው ወይም የትዳር ጓደኛው ደሞዝ የሚያኖረው ነው። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ለሦስት ወር ሥራውን ጥሎ ሊሄድ አይችልም፤ ስለ ፈረቃ ሠራተኛ የሚወስኑት ግን እነዚያው ናቸው።

ሁለቱንም ወንበር አንድ ላይ መያዝ ይቻላል?

በአብዛኛው አይቻልም። ታዋቂዋ ከዚህ የወጣች ኒው ጀርሲ ነበረች፤ ከንቲባው ሴናተርም ሆኖ መቀመጡ ለዘመናት የተለመደ ነገር ነበር። ከ2008 ጀምሮ ተከለከለ፤ ቀደም ብለው ሁለቱንም የያዙት ግን እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። የዩኒየን ሲቲው ብራያን ስታክ በዚህ መንገድ ከንቲባም ሴናተርም ሆነው ለዓመታት ቆይተዋል። ደጋፊው «ከተማው በቀጥታ ስቴቱ ውስጥ ሰው አለው» ይላል፤ ተቃዋሚው «በጀቱን የሚሰጠውም የሚቀበለውም አንድ ሰው ነው» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ።

አንዳንድ ስቴቶች ይበልጥ ያጠብቃሉ። ፍሎሪዳ፣ አሪዞናና ሃዋይ «ለመወዳደር መጀመሪያ ልቀቅ» የሚል ሕግ አላቸው፤ ዝርዝሩ ይለያያል። አሪዞና በሥራ ዘመኑ የመጨረሻ ዓመት ላይ ላለ ሰው ታልፋለች። ሕጉ ባለበት ቦታ የምክር ቤት አባሉ ገና ድምፅ ሳይቆጠር የያዘውን መልቀቅ ይኖርበታል፤ ከተሸነፈ ከሁለት ያጣ ይሆናል። ሕጉ በሌለበት ደግሞ ወንበሩን ይዞ ስለሚወዳደር፣ ቢሸነፍም ሰኞ ማታ ተመልሶ ስብሰባ ይቀመጣል።

የከተማ ልምዱ እዚያ ይጠቅመዋል?

ይጠቅመዋል፤ ግን እሱ ባሰበው መንገድ አይደለም። ከተማ ላይ ሰባት ወይም ዘጠኝ ሆነው ነው የሚቀመጡት። አራት ወይም አምስት ሰው ካሳመነ ነገሩ አለቀ። ነዋሪው ፊት ለፊት ቆሞ በሁለት ደቂቃው ይሰድበዋል ወይም ያመሰግነዋል፤ ማታውኑ ድምፅ ይሰጣል፤ በሁለተኛው ወር የመንገዱ ቀለም ሲቀባ ያያል። ስቴት ላይ ይህ ሁሉ የለም። የሜሪላንድን ብንወስድ 188 ሕግ አውጪዎች ናቸው፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ 90 ቀን ይሰበሰባሉ፤ በዚያች ጊዜ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ይቀርባል። በመጨረሻው ቀን እኩለ ሌሊት ሲሞላ ባለቀለም ወረቀት ከላይ ይበተናል፤ ያላለፈው ሁሉ ሞተ ማለት ነው። ቴክሳስ ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ፣ በጎዶሎ ዓመት፣ ለ140 ቀን ብቻ ናት።

እዚያ ሥልጣኑ ያለው በኮሚቴ ሰብሳቢዎችና በአፈ ጉባኤው እጅ ነው። በብዙ ስቴቶች ሰብሳቢው ረቂቁን ለውይይት ካላቀረበው በቃ፤ ማንም «አይ» ሳይለው ሞተ። ከተማ ላይ ተናግሮ ማሳመን የለመደ ሰው የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግራ ይጋባል፤ ንግግር የሚያደርግበት አዳራሽ ውስጥ ውሳኔው ቀድሞ አልቋል። ውሳኔው ያለቀው ኮሪደር ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ለአንዲት የታክሲ ሹፌር ሚስት ላስተረጉም ኮሚቴ ፊት ሄጄ ነበር። ጠዋት ስማችንን አስመዘገብን፤ ተራችን የደረሰው ከሰዓት በኋላ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ሁለት ደቂቃ ለእሷ፣ ትርጉሙም እዚያው ውስጥ። ከአባላቱ ግማሾቹ ሌላ ስብሰባ ሄደዋል፤ ካሉት አንዱ ሳንድዊች ይበላል። አንድ ብቻ ቀና ብሎ «ፈቃዱን ለማደስ የከፈላችሁት ለከተማው ነው ለስቴቱ?» ብሎ ጠየቀ። ለሁለቱም ነበር የከፈሉት። ጥያቄው ነገሩን ሁሉ ገለጠው፤ ሌሎቹም ወረቀታቸውን ገለጡ። በኋላ ስጠይቅ ሰውየው አሥር ዓመት የከተማ ምክር ቤት አባል የነበረ ነው። የከተማ ልምድ ይጠቅማል የምለው እንዲህ ባለችው ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡ በየትኛው መስኮት እንደሚከፈል ያውቃል።

ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ እስከ ላይ የወጣ ሰው አለ?

ካልቪን ኩሊጅን የሚያህል የለም። ኖርዝሃምፕተን የምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ውስጥ ጠበቃ ነበሩ። በ1898 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1900 የከተማው ሕግ አማካሪ ሆኑ፤ በ1905 ለትምህርት ቤት ቦርድ ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1906 ጠባብ በሆነ ልዩነት የስቴቱ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡና 1907ን እና 1908ን አገለገሉ። አሁን ሰው የሚዘነጋው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። በ1910 እና በ1911 የኖርዝሃምፕተን ከንቲባ ነበሩ፤ የመምህራንን ደሞዝ ጨመሩ፣ የከተማውን ዕዳ ቀነሱ፣ ግብርም ቀነሱ።

ከዚያ በ1912 ስቴት ሴኔት ገቡ። በዚያው ዓመት የሎረንስ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች አድማ ሲነሳ አስታራቂ ኮሚቴውን መርተዋል። በ1914 የሴኔቱ ፕሬዚዳንት፣ በ1916 ምክትል አገረ ገዢ፣ በ1919 አገረ ገዢ፣ በ1921 የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በነሐሴ 1923 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ሲሞቱ ፕሬዚዳንት። ዛሬ አንድ ሰው ከስቴት ምክር ቤት ወጥቶ የትንሽ ከተማ ከንቲባ ቢሆን «አበቃለት» ነው የሚባለው። በእርሳቸው ዘመን በማሳቹሴትስ የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት ስለነበር ከወንበር ወደ ወንበር መሻገር እንደ ዛሬው አያስወራም ነበር።

የከተማ ሰው ስቴት ሲገባ ለምን ከተሞችን የሚገድብ ሕግ ያወጣል? ክህደት አይደለም?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ስኮት ዊነር ከ2011 ጀምሮ የሳን ፍራንሲስኮ ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ በ2016 መጨረሻ የካሊፎርኒያ ሴኔት ገቡ። በማግስቱ ዓመት ያወጡት ኤስ ቢ 35 (ኤስ ቢ ማለት የሴኔት ረቂቅ ነው) የቤት ግንባታ ግባቸውን ያላሟሉ ከተሞች፣ ደንቡን ያሟላ ፕሮጀክት ሲቀርብላቸው በማጓተት እንዳይከለክሉ ያስገድዳል። ቶኒ አትኪንስም ስምንት ዓመት የሳንዲያጎ ከተማ ምክር ቤት ውስጥ ነበሩ፤ በስቴቱ የአሴምብሊው አፈ ጉባኤም የሴኔቱ መሪም ለመሆን የበቁ ናቸው። በ2021 ያሳለፉት ኤስ ቢ 9 ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ተብሎ የተከለለ ቦታ እንዲከፈልና ከአንድ ቤት በላይ እንዲሠራበት ፈቀደ። ከንቲባዎች ጮኹ፦ «ከእኛው ወጥተው እጃችንን አሰሩን።»

እኔ ክህደት አልለውም። የከተማ ስብሰባ ላይ የሚመጣው ቤት ያለው ነው፤ ቤት የሌለው ወይ ሥራ ላይ ነው ወይ ገና ወደዚያ ከተማ አልገባም። አሥር ዓመት እዚያ የተቀመጠ ሰው «ቤት ይሠራ፣ ግን እዚህ አይሁን» የሚለውን ንግግር ከማንም በላይ ሰምቶታል፤ የትኛዋ ቀዳዳ ለማጓተት እንደምትጠቅምም ያውቃል፤ ምናልባት ራሱም ተጠቅሞባት ይሆናል። የበርሚንግሃሙ ግን ሌላ ነው። እዚያ ያገደው የከተማው ሰው አልነበረም፤ የታገደውም ድሃውን የሚጠቅም ነበር። ስለዚህ «ስቴት ከተማን ገደበ» ሲባል ማንን እንደጠቀመ ሳይጠይቁ ወዲያው መደገፍም መቃወምም አይገባም።

ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ፖለቲከኛስ ወዴት ያድጋል?

የትም። ዲሲ ስቴት ስላልሆነች የስቴት ምክር ቤት የላትም። ባለ 13 አባላቱ የዲሲ ምክር ቤት የከተማውንም የስቴቱንም ሥራ አንድ ላይ ይሠራል፤ ያወጣው ሕግ ግን በ1973ቱ የራስ አስተዳደር ሕግ መሠረት ኮንግረስ እንዲመረምረው ቀርቦ የተወሰነ ቀን ይቆጠርለታል። በ2023 ኮንግረስ የዲሲን የወንጀል ሕግ ማሻሻያ ሽሮታል፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም ፈርመውበታል። የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ያለው ጎረቤታቸው ከካውንቲ ቦርድ ወደ ሪችመንድ መሄድ ይችላል፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ። የዲሲው አባል የቀረው ነገር የምክር ቤቱ ሊቀ መንበርነት፣ ከንቲባነት ወይም ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሌለው ተወካይነት ነው።

ወንበሩ በመሃል ቢለቀቅ ማን ይተካል?

እንደየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ቨርጂኒያ ልዩ ምርጫ ይጠራሉ። ዋሽንግተን ስቴት ላይ የለቀቀው ሰው ፓርቲ ሦስት ስም ያቀርብና የካውንቲው ምክር ቤት አንዱን ይመርጣል፤ እዚያ የካውንቲ ምክር ቤት አባልን ማወቅ ከሺህ ፖስተር ይበልጣል። ለከተማ ፖለቲከኛ ቀላሉ በር ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስሙ የታወቀ፣ ለዘመቻ ጊዜ የማይፈልግ፣ ነገ ሥራ መጀመር የሚችል ሰው ነው የሚፈለገው።

ከስቴት ወደ ከተማ መመለስ ውድቀት ነው?

ዊሊ ብራውንን ይጠይቁ። ከ1980 እስከ 1995 የካሊፎርኒያ አሴምብሊ አፈ ጉባኤ ነበሩ። በ1990 ሕዝቡ ፕሮፖዚሽን 140 በሚል የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ የሥራ ዘመን ገደብ ሲያጸድቅ ብዙ ሰው ያነጣጠረው በእርሳቸው ላይ እንደሆነ ነበር የሚናገረው፤ ለአሴምብሊ 6 ዓመት፣ ለሴኔት 8 ዓመት። ጊዜው ሲደርስ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደው ከ1996 እስከ 2004 ከንቲባ ሆኑ። ኸርብ ዌሰንም የአሴምብሊ አፈ ጉባኤ ከነበሩ በኋላ የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ገብተው ፕሬዚዳንቱ ሆነዋል። ካረን ባስ አፈ ጉባኤ ነበሩ፣ ኮንግረስ ገቡ፣ በ2022 ተመልሰው የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ለመሆን ተመረጡ። ካሊፎርኒያ በ2012 ገደቡን አሻሽላ በሁለቱም ምክር ቤት በድምሩ 12 ዓመት አድርጋዋለች።

ጭራሽ ወደ ስቴት ሳይሄዱ ማደግም አለ። ሱዳን ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ስደተኛ ወላጆች የተወለዱት ግርማይ ዛሂላይ በ2019 የረዥም ጊዜ ተመራጩን ላሪ ጎሴትን አሸንፈው ሲያትልን ያቀፈው የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ገቡ፤ በ2025 ደግሞ የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ሆነው ተመረጡ። ካውንቲው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ ብዙ ስቴቶች ይህን ያህል የላቸውም። «ስቴት» የሚለው ቃል ትልቅ ስለሚመስል ነው እንጂ ኒው ሃምፕሻየር ካለው ከ400 አንዱ ጋር ማን እንደሚበልጥ ግልጽ ነው።

ጥሩ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

በራሪ ወረቀቱ ላይ «40 ረቂቅ አቀረብኩ» ካለዎት አይደነቁ። ረቂቅ ማቅረብ ቀላል ነው፤ ድልድይን በሰው ስም መሰየምም ረቂቅ ነው። ስንቱ ከኮሚቴ ወጣ፣ ስንቱ ተፈረመ ብለው ይጠይቁ። ከዚያ የማይታየውን ይፈልጉ፦ የሌላ ሰው ረቂቅ ውስጥ ያስገባትን አንዲት ማሻሻያ፣ በበጀቱ ላይ ለከተማዎ ትምህርት ቤት ያስጨመረውን መስመር። የከተማ ልምድ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ስሙ አይጻፍበትም።

ይህን ለማየት ወዳጅ አያስፈልግም። የሁሉም ስቴት ሕግ አውጪ ድረ ገጽ የረቂቁን ቁጥር ሲጽፉበት የሄደበትን ቀን በቀን ያሳያል፤ በብዙዎቹ የኮሚቴው ድምፅ ስም በስም ይገኛል። ዋናውን ድምፅ ሳይሆን የኮሚቴውን ይመልከቱ። ዋናው ላይ ሁሉም «አዎ» ካለ፣ ጥሉ የነበረው እዚያ ነው። ረቂቁ የሞተ ከሆነ የመጨረሻው መስመር ላይ ቀን ይኖራል፤ ያን ቀን ይያዙና ቢሮው ደውለው «በዚያን ቀን የት ነበሩ?» ይበሉ። ስልኩን የሚያነሳው ልጅ ወዲያው ካላወቀ ማስታወሻ ይይዛል፤ እንደገና ሲደውሉ ስምዎን ያውቁታል።